ክራኮቭን በእግር፦ ከሰሜኑ በር እስከ ቫቬል ኮረብታ

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ከእኛ አገር ላሊበላና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ገቡ። ከፖላንድም ሁለት ገቡ፦ የክራኮቭ አሮጌ ከተማና ከእሷ አጠገብ ያለው የቪዬሊችካ የጨው ማዕድን ማውጫ። አውሮፓ ያለው የእኛ ሰው ግን እረፍት ሲያገኝ ሮምና ፓሪስ ይላል እንጂ ክራኮቭን ሲያነሳ ብዙም አይሰማም። ዋጋዋ ከሁለቱም የሚቀል፣ በእግር የምትዳረስ ከተማ ናት።

ትንሽ መሆኗ ግን ያዘናጋል። ከሰሜኑ በር ተነስቶ እስከ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ሳይቆም የሚሄድ ሰው ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም። ስለዚህ ብዙ ሰው «ዝም ብዬ እየዞርኩ አየዋለሁ» ብሎ ይገባና የማርያም ቤተ ክርስቲያን መሠዊያ ተዘግቶ፣ የቤተ መንግሥቱ ትኬት አልቆ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለው ሰዓት ደውሎ ካበቃ በኋላ ይደርሳል። ክራኮቭ ውስጥ ቁም ነገሩ ሰዓት ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተልም የተሠራው በዚያ ነው፤ አቅጣጫው የጥንት ነገሥታት ከሰሜን ገብተው ወደ ዙፋናቸው የሄዱበት፣ ዛሬም «የንጉሥ መንገድ» የሚባለው ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ሰዓቱን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ 12፡00 ስል ቀትር፣ በእኛ 6 ሰዓት ማለቴ ነው። ዓመተ ምሕረቱም እንደዚያው፤ በጋና ክረምት ስልም የአውሮፓውን ነው።

1. ከመነሳታችሁ በፊት

ቀን ምረጡ። ሰኞ ብዙ ሙዚየሞች ዝግ ናቸው። እሑድ ደግሞ አብያተ ክርስቲያናቱ እስከ ቀትርና ከዚያም በኋላ በቅዳሴ ተይዘው ስለሚቆዩ ጎብኚ የሚገባው ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ በሕግ ከጥቂት እሑዶች በስተቀር ትልልቅ ሱቆች ይዘጋሉ። ቅዳሜ በርካሽ አውሮፕላን የመጣ ጨፋሪ ከተማውን ይሞላዋል። እኔን ብትጠይቁኝ ሐሙስ እላለሁ፤ ሰው ይቀላል፣ የጾም ወቅት ካልሆነም ምግቡ አያስቸግርም።

ትኬት አስቀድማችሁ በኢንተርኔት የምትቆርጡት ለሦስት ቦታ ነው፦ ለቫቬል ቤተ መንግሥት ክፍሎች፣ ከአደባባዩ ሥር ላለው የመሬት ውስጥ ሙዚየምና ለቻርቶሪስኪ ሙዚየም። ሦስቱም ሰው የሚያስገቡት በሰዓት ተከፋፍሎ፣ በቁጥር ተወስኖ ነው፤ በበጋ እዚያው ደርሶ ማግኘት የዕድል ጉዳይ ነው። ቫቬልን ለ15፡00 ያዙት፤ በክረምት ለ14፡00። ሁለት ቀን ያለው ሰው ግን ቫቬልን ለማግስቱ ጠዋት ቢያቆየው ይሻለዋል፤ በደከመ እግር ኮረብታ ከመውጣት ያድናል።

ገንዘቡ ዝሎቲ ነው። ፖላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ብትሆንም ዩሮ አትጠቀምም። አብዛኛው ቦታ በካርድ ይከፈላል፤ ለመጸዳጃ ቤትና ለመንገድ ዳር ሻጭ ግን ሳንቲም ያስፈልጋል። ገንዘብ የሚመነዘርበት ቤት ካንቶር ይባላል። በኤርፖርቱ ውስጥ አትመንዝሩ፤ ከተማ ውስጥም የሚገዙበትንና የሚሸጡበትን ዋጋ ሁለቱንም አይታችሁ ልዩነቱ ጠባብ ወደሆነበት ግቡ። የካርድ ማሽን «በዝሎቲ ወይስ በራስዎ ገንዘብ?» ብሎ ሲጠይቅ ሁልጊዜ ዝሎቲ በሉ፤ ሌላው ምርጫ ውድ ነው።

ቪዛን በተመለከተ ፖላንድ የሼንገን አገር ናት። የጀርመን፣ የጣሊያን፣ የስዊድን ወይም የሌላ ሼንገን አገር መኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ፈቃዱንና ፓስፖርቱን ይዞ ይገባል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከእንግሊዝ ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ግን የዚያ አገር መኖሪያ ፈቃድ ብቻውን አያስገባውም፤ ቪዛ ማውጣት አለበት።

ጫማ ጠፍጣፋና የተለመደ ይሁን። መንገዱ ድንጋይ ንጣፍ ነው፤ ታኮ በንጣፉ መካከል ይሰነቀራል።

2. መድረስና ሻንጣ ማስቀመጥ

ኤርፖርቱ ባሊጼ በሚባል ቦታ ነው፤ ከዚያ ባቡር ተሳፍራችሁ በ20 ደቂቃ ገደማ ዋናው ባቡር ጣቢያ ትደርሳላችሁ። ከዋርሶ በፈጣኑ ባቡር የሚመጣም እዚያው ይወርዳል፤ መንገዱ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ጣቢያው ውስጥ የሻንጣ ማስቀመጫ ሳጥኖች አሉ። ጣቢያው ከትልቅ የገበያ ማዕከል ጋር ስለተያያዘ መውጫው ያደናግራል፤ «አሮጌው ከተማ» የሚለውን ምልክት ተከትላችሁ በመሬት ውስጥ መተላለፊያው ከወጣችሁ ዛፍ የበዛበት መናፈሻ ፊታችሁ ይመጣል። እሱ ፕላንቲ ነው።

ትራም መሳፈር ካስፈለገ ትኬቱን መግዛት ብቻ አይበቃም፤ እንደገባችሁ ማሽኑ ውስጥ ከትታችሁ ማስመታት አለባችሁ። ተቆጣጣሪዎቹ የደንብ ልብስ ላይለብሱ ይችላሉ፤ ያልተመታ ትኬት የያዘ ሰው ደግሞ እንዳልከፈለ ተቆጥሮ ይቀጣል። አሮጌው ከተማ ውስጥ ግን ትራምም ታክሲም አያስፈልግም።

3. 9፡00፣ ባርባካኑና የፍሎርያን በር

ፕላንቲ አሁን ለእግር መንገደኛ የሚመች መናፈሻ ሆኖ ከተማውን ይከበዋል፤ ዙሪያው 4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ድሮ የግንብና የውኃ ቦይ ቦታ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ግንቡ አርጅቷል ተብሎ ሲፈርስ ፌሊክስ ራድቫንስኪ የተባለ ፕሮፌሰር የሰሜኑን ጥግ ለማስቀረት ተሟገተ። ግንቡ ከፈረሰ የሰሜን ነፋስ በቀጥታ ገብቶ ሕዝቡን ቁርጥማት ያስይዛል፣ የሴቶችንም ቀሚስ ይገልባል ብሎ ተከራከረ ይባላል። ክርክሩ ምንም ይሁን፣ ባርባካኑና የፍሎርያን በር የተረፉት በእሱ ሙግት ነው።

ባርባካኑ በ1498 እና በ1499 የተሠራ ክብ የጡብ ምሽግ ነው፤ ግድግዳው 3 ሜትር ይወፍራል፣ 7 ትንንሽ ጉልላቶችና 130 የመተኮሻ ቀዳዳዎች አሉት። ከውጭ ዞር ብሎ ማየት ይበቃል፤ ጊዜ ለሌለው ሰው ውስጡን አልመክርም። በሩን አልፋችሁ ወደ ውስጥ ስትገቡ ከግንቡ ጋር ተደርድረው የተሰቀሉ ሥዕሎች ታያላችሁ፤ ሠዓሊዎቹ ሥራቸውን እዚያው ይሸጣሉ።

ቁርስ ካልበላችሁ በየመንገዱ ጥግ ሰማያዊ ጋሪ አለ። የሚሸጠው ኦብቫዣኔክ ነው፤ የተገመደ ክብ ዳቦ፣ ላዩ ሰሊጥ፣ ኑግ የሚመስል የፖፒ ፍሬ ወይም ጨው የተነሰነሰበት። ስሙ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የተጠበቀ ስለሆነ «የክራኮቭ ኦብቫዣኔክ» ብሎ መሸጥ የሚችለው የዚህ አካባቢ ዳቦ ጋጋሪ ብቻ ነው። ጠዋት ትኩሱን ብሉት። ከሰዓት በኋላ ይደርቃል።

4. 10፡00፣ እመቤቲቱና እንስሳዋ

ከበሩ ወደ ቀኝ ግንቡን ተከትላችሁ ጥቂት ስትሄዱ የቻርቶሪስኪ ሙዚየም አለ። የሌዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሥዕል «እመቤቲቱ ከነኤርሚኗ» እዚህ ናት፤ ኤርሚን ነጭ ፀጉር ያለው ትንሽ የዱር እንስሳ ነው። ሌዮናርዶ የሴት መልክ የሣለባቸው የታወቁ ሥዕሎች አራት ብቻ ናቸው፤ አንዷ ሞና ሊዛ፣ አንዷ ይህች። ፓሪስ ላይ ሞና ሊዛን በሰው ትከሻ ላይ አንጋጥጦ ያየ ሰው እዚህ ሲገባ ይገረማል፤ በጠዋት ከደረሳችሁ ፊት ለፊቷ ቆማችሁ የእጇን ጣቶችና የእንስሳውን ጥፍር ማየት ትችላላችሁ። በጦርነቱ ጊዜ ናዚዎች ዘርፈዋት ነበር፤ በእነሱ ስም ፖላንድን ይገዛ የነበረው ሐንስ ፍራንክም ቫቬል ቤተ መንግሥት ውስጥ ይዟት ነበር። በ1946 ተመለሰች። የፖላንድ መንግሥት በ2016 ስብስቡን በሙሉ ገዝቶ ሙዚየሙን በ2019 መጨረሻ አድሶ ከፈተው።

ሥዕል የማይስባችሁ ከሆነ ይህን እርምጃ ዝለሉትና በፍሎርያንስካ መንገድ ቀጥ ብላችሁ ወደ አደባባዩ ውረዱ።

5. 10፡45፣ አደባባዩና መለከቱ

ሪኔክ የሚባለው ዋናው አደባባይ በየጎኑ 200 ሜትር ገደማ ነው፤ በ1257 ልዑል ቦሌስዋቭ ለከተማዋ ቻርተር ሲሰጥ የተቀየሰ ነው። ከመሃሉ ቆማችሁ ዙሪያውን ስትቃኙ ሁሉም ነገር በመስመር የተሰመረ ሆኖ ሁለት ነገር ብቻ ከመስመሩ ያፈነግጣል። የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሰያፍ ቆሟል፤ ወደ ቫቬል የሚወስደው ግሮድስካ መንገድም ከጥጉ በሰያፍ ይወጣል። ሁለቱም ቦታቸውን የያዙት ከ1257 በፊት ነው፤ ቀያሾቹ ሲመጡ አግኝተዋቸው እንዳሉ ተዋቸው። በደቡብ በኩል ያለችው ትንሿ የቅዱስ ቮይቼህ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ወደ ታች የሰመጠች ትመስላለች። የሰመጠች እሷ ሳትሆን ከፍ ያለው አደባባዩ ነው፤ በየዘመኑ አፈርና ንጣፍ ሲደራረብ ከ2 ሜትር በላይ ወጣ። የመሬት ውስጥ ሙዚየሙም የሚያሳየው ይህንኑ ነው፤ ከእግራችሁ ሥር 4 ሜትር ያህል ወርዳችሁ የመካከለኛውን ዘመን ገበያ መንገድና የሱቅ መሠረት ታያላችሁ። ከልጆች ጋር ላላችሁ ከሥዕሉ ይልቅ ይህን ምረጡ።

11፡00 ከመሙላቱ በፊት ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ወዳለው ትንሹ አደባባይ እለፉ። በዋናው ላይ የሰውና የፈረስ ጋሪ ጫጫታ አለ፤ እዚህ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። ሰዓቱ ሲመታ ከረጅሙ ማማ ላይ፣ ከ80 ሜትር በላይ ከሆነው፣ መለከት ይነፋል። ዜማው ሄይናው ይባላል። በአራት አቅጣጫ አራት ጊዜ ይነፋል፤ መጀመሪያ ወደ ቫቬል ለንጉሡ፣ ከዚያ ወደ አደባባዩ፣ ወደ ፍሎርያን በር፣ በመጨረሻም እናንተ ወደቆማችሁበት። ነፊዎቹ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ናቸው፣ ሌሊቱንም ጨምሮ በየሰዓቱ ይነፋሉ። ዜማው መሃል ላይ ድንገት ይቆረጣል። አፈ ታሪኩ በ1241 ታታሮች (ሞንጎሎች) ሲመጡ ዘበኛው ሕዝቡን ለማስጠንቀቅ እየነፋ ሳለ ጉሮሮውን በቀስት ወጉት ይላል፤ ታሪክ አጥኚዎች ግን ወሬው ብዙ ዘመን ቆይቶ የመጣ ነው ይላሉ። የቀትሩ ሄይናው ከ1927 ጀምሮ በፖላንድ ሬዲዮ ይተላለፋል። ነፍቶ ሲጨርስ እጃችሁን አውለብልቡለት፤ ብዙውን ጊዜ መልስ ይሰጣል።

6. 11፡30፣ የማርያም መሠዊያ

ቀኑ ሙሉ የሚዞረው በዚህች ሰዓት ላይ ነው። ትኬቱ የሚሸጠው ከቤተ ክርስቲያኑ ደቡባዊ ጎን ባለች ትንሽ ቢሮ ነው፤ ጎብኚም የሚገባው በጎን በር ነው። ከምዕራብ ያለው ዋናው በር ለጸሎት ነው፤ በዚያ የሚገባ አይከፍልም፣ ግን ከኋላ ይቆማል፣ ፎቶም አያነሳም። ለመጸለይ የመጣ ሰው በዚያ ይግባ፤ ለጉብኝት የመጣ ግን «ልጸልይ ነው» ብሎ ባይሾልክ ጥሩ ነው፤ ይታወቅበታል።

ጫማ አይወለቅም። ነጠላ መልበስም የሚጠበቅ አይደለም፤ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግን ግድ ነው፣ ወንድ ባርኔጣውን ያውልቅ።

መሠዊያው ሲዘጋ 12 የተቀረጹ ትዕይንቶች ይታያሉ፤ የእመቤታችንና የጌታ ሕይወት ናቸው። 11፡50 ላይ ክንፎቹ ይከፈታሉ። ከፊት ወንበር ካገኛችሁ አትነሱ። ሲከፈት የሚወጣው የእመቤታችን ዕረፍት ነው፦ እሷ ተንበርክካ ስትዝል ሐዋርያት ይደግፏታል፣ በላዩ ዕርገቷ፣ ከሁሉም በላይ ዘውድ ስትጭን። ፍልሰታን ለሚጾም ሰው ታሪኩን የሚያስረዳ አስጎብኚ አያስፈልገውም። አስደናቂው እንጨቱ ነው። ቀራጩ ቪት ስትቮሽ ከኑረንበርግ መጥቶ ከ1477 እስከ 1489 ድረስ 12 ዓመት ሠራበት፤ ቁመቱ 13 ሜትር፣ ወርዱ 11 ሜትር ያህል ይሆናል፣ ዋና ዋናዎቹ ሐውልቶች ከሰው ቁመት እጅግ ይበልጣሉ፣ ከሊንደን ዛፍ የተፈለፈሉ ናቸው። የአዛውንቶቹን እጅ ተመልከቱ፤ ደም ሥሩና የተጣመመው ጣት ሁሉ አለ። ናዚዎች ይህንንም ነቅለው ወደ ኑረንበርግ ወስደውት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ተገኝቶ ተመለሰ።

ቀና ስትሉ ሰማያዊው ጣሪያ ከዋክብት ተነስንሶበታል። የግድግዳው ሥዕል የ19ኛው መቶ ዘመኑ ያን ማቴይኮ ንድፍ ነው።

ስትወጡ ሁለቱን ማማዎች አነጻጽሩ፤ አንዱ 12 ሜትር ያህል ያጥራል። ሁለት ወንድማማቾች ሲሠሩ የአንዱ ሥራ በልጦ ሲሄድ ሌላው ገደለው፤ ከዚያም ጸጽቶት ራሱን አጠፋ ይላል ተረቱ። ገደለበት የሚባለው ቢላ ሱክየንኒጼ በሚባለው የጨርቅ ነጋዴዎች አዳራሽ መተላለፊያ ላይ ተሰቅሏል፤ ስታልፉ ወደ ላይ ካላያችሁ ያመልጣችኋል። አዳራሹ ከ1555ቱ ቃጠሎ በኋላ እንደገና የተሠራ ነው። ከሥሩ ያሉት ሱቆች እንጨት ሳጥን፣ ሹራብና አምበር ይሸጣሉ፤ ለማየት ደስ ይላሉ፣ ለመግዛት ግን ሌላ ቦታ ዋጋ ጠይቃችሁ ተመለሱ። ፎቁ የ19ኛው መቶ ዘመን የፖላንድ ሥዕል ማሳያ ነው።

7. 13፡00፣ ኮሌጊዩም ማዩስ፤ ከዚያ ምሳ

ከአደባባዩ ምዕራባዊ ጥግ አንድ መንገድ ዘልቃችሁ ወደ ግራ ስትታጠፉ የያጊየሎንያን ዩኒቨርሲቲ ጥንታዊ ግቢ አለ። ዩኒቨርሲቲውን በ1364 የመሠረተው ታላቁ ካሲሚር ነው፤ ኮፐርኒከስ ከ1491 ጀምሮ እዚህ ተምሯል። ግቢው የመግቢያ ክፍያ የለውም፣ በነፃ ነው። ከ9፡00 ጀምሮ በየሁለት ሰዓቱ የግድግዳው ሰዓት ሙዚቃ እየተጫወተ ንጉሥ፣ ንግሥትና ምሁራን የሚመስሉ አሻንጉሊቶች ተራ በተራ ያልፋሉ። አምስት ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ግቡ። ዩኒቨርሲቲው የጨለመ ታሪክም አለው፦ ኖቬምበር 6 ቀን 1939 ናዚዎች የዩኒቨርሲቲውን መምህራን ለስብሰባ ጠርተው በጅምላ አስረው ወደ ማጎሪያ ካምፕ ላኳቸው።

ለምሳ በአደባባዩ ዙሪያ ካሉት ድንኳኖች ሥር አትቀመጡ፤ ዋጋው ለዕይታው ነው። ሁለት መንገድ ገባ ብላችሁ «ባር ምሌችኒ» ፈልጉ። ይህ ከኮሚኒስት ዘመን በፊት ጀምሮ ያለ የርካሽ ምግብ ቤት ዓይነት ነው፤ ገንዘብ ተቀባዩ ጋ ተሰልፋችሁ ታዛላችሁ፣ ትከፍላላችሁ፣ ስትጠሩ ራሳችሁ ታነሳላችሁ፣ ሳህኑንም ትመልሳላችሁ። ተማሪው፣ ጡረተኛው፣ ጎብኚው አንድ ጠረጴዛ ይጋራል። ዡሬክ የሚባለውን ሾርባ ሞክሩ፤ ከቦካ የአጃ ሊጥ ስለሚሠራ ኮምጣጣነቱ ለእኛ ምላስ እንግዳ አይሆንም። አብዛኛውን ጊዜ ግን ቋሊማ አለበት፣ ያውም የአሳማ። አሳማ የማይበላ ሰው ሾርባና ጎመን ሲያዝ ሁልጊዜ ይጠይቅ፤ «ቤዝ ምየንሳ» ማለት ያለ ሥጋ ነው።

ለጿሚ ፒየሮጊ አለ፤ በሊጥ ተጠቅልሎ የተቀቀለ ነው። «ሩስኪ» የሚባለው ድንችና አይብ ስላለው አይሆንም። ጎመንና እንጉዳይ ያለውን እዘዙ፤ ላዩ ላይ ቅቤ ወይም የአሳማ ጥብስ እንዳያፈሱበት ግን አስቀድማችሁ ተናገሩ። የሚያስተማምነው «ቬጋን» የሚል የተጻፈበት ቤት መግባት ነው፤ ክራኮቭ ውስጥ ብዙ አሉ።

ሲከፍሉ አንድ ነገር፦ ብሩን ስትሰጡ «ጄንኩዬ» (አመሰግናለሁ) ካላችሁ አስተናጋጁ መልሱን እንዲያስቀረው የፈቀዳችሁ ይመስለዋል። መልሳችሁን ከተቀበላችሁ በኋላ አመስግኑ።

መጸዳጃ ቤት በር ላይ ጽሑፍ ሳይኖር ቅርጽ ብቻ ልታዩ ትችላላችሁ። ሦስት ማዕዘኑ የወንድ ነው፣ ክቡ የሴት።

8. 14፡15፣ ግሮድስካና ካኖኒቻ

በግሮድስካ ወደ ደቡብ ውረዱ። በቀኝ የፍራንሲስካውያን ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ገብታችሁ ወደ መሠዊያው ሂዱና ከዚያ ዞራችሁ ከመግቢያው በላይ ያለውን ባለቀለም መስታወት እዩ። ስታኒስዋቭ ቪስፒያንስኪ የሣለው እግዚአብሔር አብ እጁን ዘርግቶ ፍጥረትን ሲጠራ ነው። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስትዘነበል ይበራል፤ ከሰዓት በኋላ እንድትመጡ ያደረግኩት ለዚህ ነው። ፊት ለፊት ባለው የጳጳሱ ቤት ከበሩ በላይ ካለው መስኮት ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ አገራቸውን ሲጎበኙ ማታ ማታ ከወጣቶች ጋር ያወሩ ነበር።

ወደ ፊት 12 ሐዋርያት በአጥሩ ላይ የቆሙበት የጴጥሮስ ወጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ሰው ሁሉ ፎቶ የሚያነሳው እሱን ነው። ቀጥሎ ያለው፣ ጠባብ መስኮት ያለው የድንጋይ ሕንፃ ግን ይበልጣል፤ የቅዱስ እንድርያስ ቤተ ክርስቲያን ይባላል፣ ከ11ኛው መቶ ዘመን የቆየ ነው፣ በ1241 ታታሮች ሲመጡ ሕዝቡ የተመሸገበትም እሱ ነው ይባላል። ከዚያ ወደ ካኖኒቻ ታጠፉ፤ ከግሮድስካ ጎን ለጎን የሚሄድ ጸጥ ያለ መንገድ ነው፣ መጨረሻው ቫቬል ነው።

9. 15፡00፣ ቫቬል

ኮረብታው ላይ መውጣት ነፃ ነው፤ የሚከፈለው ለየክፍሉ ነው። የቤተ መንግሥቱ ትኬትና የካቴድራሉ ትኬት ለየብቻ ናቸው፤ የካቴድራሉ የሚሸጠው ከፊት ለፊቱ ባለው ቤት ነው። ሁሉንም ለማየት አትሞክሩ። ከቤተ መንግሥቱ የነገሥታቱን አዳራሾች ብቻ ውሰዱ፤ በ16ኛው መቶ ዘመን ንጉሥ ዚግሙንት አውጉስት ያሠራቸው የግድግዳ ምንጣፎች እዚያ ይታያሉ።

ካቴድራሉ በክረምት ቀድሞ ስለሚዘጋ ያን ጊዜ ከቤተ መንግሥቱ በፊት ግቡበት። ከበሩ ጎን በሰንሰለት የተሰቀሉ ትልልቅ አጥንቶች አሉ፤ የጥንት እንስሳት አጥንት ናቸው፣ ሕዝቡ ግን የዘንዶ ይላቸዋል፣ ከወደቁ ዓለም ያልፋል ይባላል። ውስጡ ፎቶ ክልክል ነው። የንጉሥ ዚግሙንት ጸሎት ቤት፣ ከውጭ ወርቃማ ጉልላት ያለው፣ የጣሊያናዊው ባርቶሎሜዮ ቤሬቺ ሥራ ነው። ከሥር የነገሥታቱ መቃብር አለ፤ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ቅስና ከተቀበሉ በኋላ የመጀመሪያ ቅዳሴያቸውን በ1946 የቀደሱት በዚያው በቅዱስ ሌዮናርድ ዋሻ ነው። በ2010 በአውሮፕላን አደጋ የሞቱት ፕሬዚዳንት ሌህ ካቺንስኪና ባለቤታቸውም እዚያ አርፈዋል።

ጉልበት ካላችሁ ወደ ደወሉ ውጡ። ደረጃው ጠባብ የእንጨት ነው፣ አንዳንድ ቦታ ጎንበስ ብሎ ማለፍ ያስፈልጋል፤ ከፍታ የሚፈራና ትንንሽ ልጅ የያዘ ይቅርበት። ደወሉ በ1520 ተቀልጦ የተሠራ ነው፣ ከ12 ቶን በላይ ይመዝናል፣ በትልልቅ በዓላት ብቻ በ12 ሰው ጉልበት ይደወላል። ወጣቶች ምላሱን በግራ እጅ እየነኩ ምኞት ይመኛሉ፤ ተራ ጠብቁ።

የመጨረሻው የዘንዶው ዋሻ ነው፤ ከኤፕሪል እስከ መኸር ድረስ ክፍት ነው። ወደ ታች ብቻ የሚወስድ ጠመዝማዛ ደረጃ አለው፣ መውጫውም ኮረብታው ሥር፣ ቪስቱላ ወንዝ ዳር ነው። ስለዚህ ሌላውን ሳትጨርሱ አትግቡበት፤ ከወረዳችሁ እንደገና ኮረብታውን መውጣት ነው። ከውጭ እሳት የሚተፋ የነሐስ ዘንዶ ቆሟል። ተረቱ ጫማ ሰፊ ልጅ በግ ውስጥ ድኝ ሞልቶ አበላው፣ ዘንዶውም ወንዙን እየጠጣ እየጠጣ ፈነዳ ይላል። እሳቱ በየጥቂት ደቂቃው ይወጣል፤ ልጆቹ እስኪያዩት አይንቀሳቀሱም።

10. ማታና ማግስት

ከወንዙ ዳር ወደ ምሥራቅ 15 ደቂቃ በእግር ካዚሚዬሽ ነው፤ በ1335 ለብቻው ከተማ ሆኖ የተመሠረተ፣ በኋላ የአይሁድ ሰፈር የሆነ። ኖቪ አደባባይ መሃል ያለው ክብ ሕንፃ ዛፒየካንካ ይሸጥበታል፤ ረጅም ዳቦ ላይ እንጉዳይና አይብ ተደርጎ የተጋገረ ነው፣ አንዱ ለሁለት ይበቃል። ሬሙህ ምኩራብና መቃብሩን በቀን ብርሃን ለማየት ማግስቱን ተመለሱ፤ ወንድ ራሱን ይሸፍን፣ ቅዳሜ ዝግ ነው። ከጦርነቱ በፊት በክራኮቭ 60 ሺህ ያህል አይሁዶች ይኖሩ ነበር። ናዚዎች በ1941 ከወንዙ ማዶ ፖድጉዤ ውስጥ አጎሯቸው፣ ጌቶ የሚባለውን ይህን ዝግ ሰፈርም በማርች 1943 ባዶ አደረጉት፤ ሰው ይሰበሰብበት የነበረው አደባባይ ላይ ዛሬ ባዶ የብረት ወንበሮች ቆመዋል።

በዲሴምበር ለሚመጣ፦ ከቀኑ 16፡00 ሳይሞላ ይጨልማል፣ ስለዚህ ቫቬልን ለጠዋት አድርጉት። በወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ ግን ሰዎች በቆርቆሮና ባለቀለም ወረቀት የሠሩትን የክራኮቭ አብያተ ክርስቲያናት የሚመስል የልደት ግርግም ይዘው አደባባዩ ላይ፣ የገጣሚው ሚትስኪየቪች ሐውልት ሥር ያሳያሉ፤ ለእሱ ሲባል ብርዱን መቻል ይገባል።

ተጨማሪ ቀን ካላችሁ የቪዬሊችካ የጨው ማዕድን በከተማ ባቡር ይደረሳል። በመጀመሪያ ብቻ 380 ያህል ደረጃ ትወርዳላችሁ፣ ጉዞው 135 ሜትር ጥልቀት ድረስ ይሄዳል፤ ከጨው የተቀረጸችው የቅድስት ኪንጋ ቤተ ክርስቲያን በዚሁ ጉዞ ላይ ትታያለች። ውስጡ በበጋም በክረምትም 17 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ጃኬት ያዙ።

የናዚዎች የሞት ካምፕ ወደነበረው ወደ አውሽቪትዝ መታሰቢያ መሄድ የሚፈልግ ከጉብኝት ይልቅ ለለቅሶ ቤት የሚሆን ቀን ይመድብለት፤ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከክራኮቭ አውቶቡስና ባቡር አለ። መግቢያ ካርዱ በስም ነው የሚቆረጠው፣ በር ላይም ከመታወቂያ ጋር ይመሳከራል። እኛ ደግሞ የአባትና የአያት ስም ቦታ የሚለዋወጥብን ሰዎች ስለሆንን ስታስይዙ ስማችሁን ፓስፖርታችሁ ላይ በተጻፈበት ፊደልና ቅደም ተከተል ሙሉ፤ ለጓደኛ የምትቆርጡለት ከሆነም የፓስፖርቱን ፎቶ አስልካችሁ ከዚያ ገልብጡ።